ስንጥቁ ሳይሰፋ

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ። የምኖረው አቃቂ ነው። ደጃችን ያለው አስፋልት ክረምት በመጣ ቁጥር ይቦረቦራል፣ ይደፈናል፣ በዓመቱ እዚያው ቦታ ላይ ይከፈታል። ሚኒሶታ ያለው ወንድሜ ደግሞ እነሱም ጋ መንገዱ እንደሚበሳሳ፣ የሚያበላሸው ግን በረዶ እንደሆነ ነገረኝ። በረዶ እንዴት አስፋልት ይሰብራል? የኛንስ ምን እየሰበረው ነው?

መልስ፦ ወንድምዎ ልክ ነው። ሁለቱም ጋ ጥፋቱ የውሃ ነው፣ አሠራሩ ይለያያል እንጂ። ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ይሰፋል። የሃይላንድ ጠርሙስ ጢም አድርገው ሞልተው ፍሪዘር ውስጥ ቢያሳድሩት ጠዋት ተወጥሮ ያገኙታል። ሚኒሶታ ቀን ላይ በረዶው ይቀልጥና ውሃው ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፣ ማታ መልሶ በረዶ ሲሠራ ስንጥቁን ገፋ ያደርገዋል፣ በማግስቱ ደግሞ ከትናንቱ የበለጠ ውሃ ይገባል። ድንጋይም የሚፈረካከሰው እንደዚሁ ነው። ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ራስ ዳሽን አካባቢ ሌሊቱ ውርጭ ስለሆነ እኛም አገር ይህ አለ።

አቃቂ ግን መንገዱን የሚያናጋው ከሥር ነው። አካባቢው በብዛት ጥቁር አፈር ነው፣ ገበሬው መረሬ የሚለው። በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። ሲያብጥና ሲኮማተር የተሸከመውን መንገድ ያነሳዋል፣ ይጥለዋል፤ አስፋልቱ ይህን አይችልም፣ ይሰነጠቃል። የቀረውን መኪና ይጨርሰዋል። በስንጥቁ የገባው ውሃ ከሥር ተቋጥሮ ሳለ ከባድ መኪና ሲያልፍበት ውሃው በግፊት እየተፈናጠረ ይወጣል፣ ሲወጣም አሸዋውንና ጠጠሩን ይዞ ነው። ከላይ ደህና የሚመስለው አስፋልት ሥሩ ባዶ ይሆንና አንድ ቀን ይሰረጉዳል። መኪና ሲያልፍ ከስንጥቁ ጭቃማ ውሃ ሲወጣ አይተው ከሆነ፣ እሱ የመንገዱ ሆድ ነው።

እኔን የሚያናድደኝ ጉድጓዱ ክረምት መሃል፣ ውሃው እንዳለበት፣ አፈር ተሞልቶ መታለፉ ነው። ያ አይቆይም። ስንጥቁ በሬንጅ መደፈን ያለበት ግንቦት ላይ፣ ዋናው ዝናብ ሳይገባ ነው። ቱቦው በፌስታልና በደለል ከተዘጋ ግን የትኛውም አስፋልት አይችለውም። ስለዚህ ጎረቤት አስተባብረው መጀመሪያ ቱቦውን ያስጠርጉ። ከዚያ ገና ጉድጓድ ያልሆነውን ስንጥቅ ፎቶ አንስተው ወረዳ ይሂዱ።