የኬሚስትሪ ጥያቄዎቻችሁ፦ አስፕሪን ለምን አቼቶ አቼቶ ይሸታል?

ጥያቄ፦ በቤታችን የመድኃኒት ሣጥን ውስጥ ብዙ ጊዜ የቆየ የአስፕሪን ጠርሙስ ስከፍት አቼቶ አቼቶ ሸተተኝ። ከጎኑ የተቀመጠው ፓራሲታሞል ግን ምንም ሽታ የለውም። ሁለቱም አንድ ቦታ፣ ለእኩል ጊዜ ተቀምጠው ልዩነቱ ከምን መጣ?
አንዲት እናት፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ አፍንጫዎ አልተሳሳተም፤ የሸተተዎት በእርግጥም ለአቼቶ ጠረኑን የሚሰጠው አሴቲክ አሲድ ነው። ከሁሉ በፊት ለጤናዎ የሚበጀውን ላስቀድም፤ እንዲህ የሚሸት አስፕሪን መፍረስ የጀመረ ስለሆነ አይውሰዱት።

ጥያቄዎ ግን ከመድኃኒት ሣጥኑ ያለፈ ቁም ነገር ይዟል፤ ምክንያቱም ሁለቱም መድኃኒቶች ከአሴቲክ አሲድ የተገኘ አንድ ዓይነት ቁራጭ በውስጣቸው አለ። የዚህ ቁራጭ ዋና አካል አንድ ካርቦን ከአንድ ኦክስጅን ጋር በድርብ ትስስር የተያያዘበት፣ ካርቦኒል የሚባለው ክፍል ነው። በአስፕሪን ውስጥ ካርቦኒሉ ከቀሪው ሞለኪውል ጋር የሚገናኘው በኦክስጅን ድልድይነት ሲሆን፣ በፓራሲታሞል ውስጥ ግን ድልድዩ ናይትሮጅን ነው። የመጀመሪያውን ዓይነት ትስስር ኤስተር፣ ሁለተኛውን አማይድ እንለዋለን። ሣጥንዎ ውስጥ ያለው ልዩነት ሁሉ የሚመነጨው ከዚህች የአንድ አቶም ልዩነት ነው።

ኦክስጅን ኤሌክትሮኖችን ወደ ራሱ ስለሚስብ የካርቦኒሉ ካርቦን ኤሌክትሮን ያንሰዋል። የአየሩ እርጥበት፣ ማለትም ውኃ፣ ጥንድ ኤሌክትሮኖቹን ይዞ የሚያጠቃው ይህንኑ ካርቦን ነው። ጎረቤቱ ናይትሮጅን ሲሆን ግን ናይትሮጅኑ ለብቻቸው የተቀመጡትን ሁለት ኤሌክትሮኖቹን ለካርቦኑ ስለሚያካፍል ጉድለቱ በከፊል ይሞላል፤ የውኃውም መንገድ ይጠባል። የኤስተሩ ኦክስጅንም ያካፍላል፤ ነገር ግን ኤሌክትሮኖቹን አጥብቆ ስለሚይዝ የሚሰጠው ጥቂት ነው። ይህ ግምት ብቻ አይደለም፤ በተራ ነጠላ ትስስር በካርቦንና በናይትሮጅን መካከል ያለው ርቀት 1.47 አንግስትሮም (አንድ አንግስትሮም የሜትር አሥር ቢሊዮንኛ ነው) ያህል ሲሆን፣ በአማይድ ውስጥ ወደ 1.33 ያጥራል፤ ይህም ትስስሩ ወደ ድርብነት ማዘንበሉን ያሳያል። አስፕሪንን በተለይ የሚያዳክሙት ሌሎች ሁለት ነገሮችም አሉ። ተለይቶ የሚወጣው ኦክስጅን ከቤንዚን ቀለበት ጋር የተያያዘ በመሆኑ ያለ ብዙ ችግር ይለቃል፤ አጠገቡ ያለው የአሲድ ክፍልም ውኃውን ያግዘዋል።

ፕሮቲንም የታነጸው በአማይድ ትስስር ነው። ፀጉራችንን ዕድሜ ልካችንን ውኃ ስናፈስበት የማይፈርሰው ለዚህ ነው። በላብራቶሪ ፕሮቲንን ወደ አሚኖ አሲዶቹ ለመበተን የተለመደው መንገድ 6 ሞላር በሆነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ በ110 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ለ24 ሰዓት ያህል ማሞቅ ሲሆን፣ ሆዳችንና አንጀታችን ይህንኑ ሥራ በሰውነት ሙቀት፣ በኢንዛይሞች አማካይነት ማከናወናቸው ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ጥያቄ፦ ኤታኖልንና አሴቲክ አሲድን በእኩል ሞል ቀላቅለን፣ ጥቂት ሰልፈሪክ አሲድ ጨምረን ስናሞቅ ለምን ሁሉም ወደ ኤስተር አይለወጥም? ስብ በኮስቲክ ሶዳ ሲፈላ ግን ሁሉም ሳሙና ይሆናል።
የዩኒቨርሲቲ 1ኛ ዓመት ተማሪ፣ ከጎንደር

መልስ፦ በአሲድ የሚከናወነው አፀግብሮት ወደፊትም ወደኋላም ይሄዳል። አሲዱና አልኮሉ ውኃ አስወጥተው ኤስተር ሲሠሩ፣ ያው የወጣው ውኃ ደግሞ ኤስተሩን መልሶ ያፈርሳል፤ በመሆኑም ከእያንዳንዳቸው አንድ ሞል ቢነሣ ሚዛኑ የሚረጋው ሁለት ሦስተኛ ሞል ያህል ኤስተር ሲገኝ ነው። ውኃውን እያወጣህ ብትሄድ ወይም አልኮሉን ብታበዛ ሚዛኑን ወደ ኤስተር ትገፋዋለህ። ሰልፈሪክ አሲዱ ፍጥነቱን እንጂ ሚዛኑን አይለውጥም። በሳሙናው ግን ስቡ፣ እርሱም ኤስተር ነው፣ ሲፈርስ የሚወጣው አሲድ ወዲያው በኮስቲክ ሶዳው ወደ ጨውነት ይለወጣል። ይህ ጨው አሉታዊ ቻርጅ ስላለው ከግሊሰሪኑ ጋር ተመልሶ አይጣመርም፤ ስለዚህ የመመለሻው መንገድ ይዘጋል።

ጥያቄ፦ ተማሪዎቼ የስኳር ቀለበቶች እርስ በርስ የሚያያዙበትን ግላይኮሲዲክ ትስስር ኤስተር ነው ይሉኛል፤ መካከሉ ላይ ኦክስጅን ስላዩ ነው። እንዴት ላስረዳቸው?
የ12ኛ ክፍል መምህር፣ ከደሴ

መልስ፦ መምህር፣ ይህ ስሕተት የሚመጣው ተማሪው ድልድዩን ብቻ አይቶ የድልድዩን ዳርና ዳር ሳያይ ሲቀር ነው። የኤስተሩ ኦክስጅን በአንድ ወገን ካርቦኒል አለው። በግላይኮሲዲክ ትስስር ግን ካርቦኒል የለም፤ ያለው በነጠላ ትስስር ከሁለት ኦክስጅኖች ጋር የተያያዘ ካርቦን ነው፤ ይህም አሴታል ይባላል። ቤዝ (እንደ ኮስቲክ ሶዳ ያለ የአሲድ ተቃራኒ) የሚያጠቃው ካርቦኒል ስለሌለ ትስስሩ ቤዝን ይቋቋማል፤ አሲድ ግን ኦክስጅኑን ፕሮቶን አሸክሞ ያስለቅቀዋል።

ለዚህ ከልብስ የተሻለ ማስረጃ የለም። ጥጥ ሴሉሎስ ነው፤ ሴሉሎስም በግላይኮሲዲክ ትስስር የተቀጠለ ግሉኮስ ነው። ነጠላና ጋቢ ዘመናቸውን ሁሉ ቤዝነት ባለው ሳሙና እየታጠቡ ይኖራሉ። የመኪና ባትሪ አሲድ ጠብ ያለበት የጥጥ ሱሪ ግን መጀመሪያ ምንም ያልሆነ መስሎ፣ ሲታጠብ ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል። ሱፍና ሐር በአንጻሩ ፕሮቲን ስለሆኑ ጠንካራ ቤዝ ይጎዳቸዋል። ተማሪው እነዚህን ጨርቆች ካሰበ ትስስሮቹን አያምታታም ብዬ አምናለሁ።

የስኳር ትስስር ሌላም ነገር አለው፤ አቅጣጫ አለው። የጤፍ ፍሬ ስታርችና የጤፍ ጭድ ሴሉሎስ ሁለቱም ከግሉኮስ የተሠሩ፣ በዋናው ሰንሰለታቸውም ከ1ኛው ካርቦን ወደ 4ኛው የተያያዙ ናቸው። በስታርቹ ትስስሩ አልፋ፣ በሴሉሎሱ ቤታ ነው። የእኛ ኢንዛይሞች አልፋውን እንጂ ቤታውን አይፈቱም፤ እንጀራ የሚያጠግበን፣ ጭዱ ግን ለከብቱ የሚተርፈው ለዚህ ነው። ከብቱም ቢሆን የሚፈታው በራሱ ኢንዛይም ሳይሆን በሆዱ ውስጥ በሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት ነው። ኢንዛይምና የሚሠራበት ነገር እንደ ቁልፍና ቁልፍ ቀዳዳ መገጣጠም እንዳለባቸው በ1894 የጻፈው ጀርመናዊው ኤሚል ፊሸር ነበር። ይኸው ሰው በ1895 ከአርተር ስፓየር ጋር አሲድን ካታሊስት አድርጎ ኤስተር መሥራትን አሳየ፤ በ1901 ከኧርነስት ፉርኖ ጋር ሁለት ግላይሲኖችን በአማይድ ትስስር አገናኘ፤ በ1902 ደግሞ በስኳርና በፒዩሪን ሥራው የኖቤል ሽልማት አገኘ። በመጽሐፍ ሦስት ምዕራፍ የሆነውን ነገር አንድ ሰው እንደ አንድ ጥያቄ ይዞት እንደነበር ለተማሪዎችዎ ቢነግሩልኝ ደስ ይለኛል።

ለክፍል የሚሆን ሙከራም ልጠቁምዎት። የገበታ ስኳር ግሉኮስና ፍሩክቶስ ሁለቱም አልዴሃይድ ወይም ኪቶን ሊሆን በሚችለው ካርቦናቸው የተያያዙበት ስለሆነ፣ ይህ ካርቦን ነፃ የሆነለትን ስኳር ለመለየት ከሚያገለግለው ሰማያዊ የመዳብ ፈሳሽ፣ ከቤኔዲክት ፈሳሽ ጋር ቢሞቅ ሰማያዊነቱ አይለወጥም። ሌላ ናሙና ወስደው ከቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋር ለጥቂት ደቂቃዎች ያሙቁትና እንደገና ይፈትኑት፤ ትስስሩ ስለተፈታ የጡብ ቀለም ያለው ዝቃጭ ይታያል። ከሁለተኛው ፍተሻ በፊት ግን አሲዱን በቤኪንግ ሶዳ ማርከስ አይዘንጉ፤ ቤኔዲክት የሚሠራው በቤዝ ውስጥ ነውና።