«ራጁ ደህና ነው» ከተባለ በኋላ

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከቢቸና አካባቢ ነው። የ72 ዓመት አባታችን ከአንድ ወር በፊት ከተዝካር ሲመለሱ ከበቅሎ ወድቀው ራሳቸውን ተመቱ። ራሳቸውን አልሳቱም፤ ራጅም ተነሥተው አጥንታቸው ደህና ነው ተባለ። ከሳምንት ወዲህ ግን ራሳቸውን ያማቸዋል፣ ቀን ቀን ይተኛሉ፣ ቀኝ እግራቸውን ይጎትታሉ፣ ቃልም ይጠፋባቸዋል። ለልባቸው ዋርፋሪን የተባለውን፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ይወስዳሉ። ጎረቤት «እርጅና ነው» ይላል፤ እናታችን ጸበል ይቅደም ይላሉ። ከውድቀቱ ጋር ይገናኝ ይሆን?

መልስ፦ ይገናኛል ብሎ መጠርጠር ይገባል፤ እስኪመረመሩ ድረስም ሌላ ምክንያት መፈለግ የለበትም። መጽሔት እስኪታተም የሚጠብቅ ጉዳይ ስላልሆነ ለእርስዎ «ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይውሰዷቸው» ብለን በስልክ ነግረንዎታል፤ እዚህ የምንጽፈው ለሌሎች አንባቢያን ጭምር ነው።

ራጅ የሚያሳየው አጥንትን እንጂ ደምን አይደለም። በዕድሜ አንጎል በመጠኑ ስለሚቀንስ፣ ከአንጎል ወደ ውጨኛው ሽፋን የሚሻገሩት ቀጫጭን የደም መላሽ ሥሮች ይወጠራሉ፤ ስለዚህ ቀላል የሚመስል ምት እንኳ ሊበጥሳቸው ይችላል። የሚፈሰው ደም ጥቂት በጥቂት በሽፋኑ ሥር ይጠራቀማል፣ በዙሪያውም በቀላሉ የሚደማ ስስ ሽፋን ያበጃል፤ ምልክቱም ብዙውን ጊዜ ከ3 ሳምንት በኋላ ብቅ ይላል። በዚያን ጊዜ ውድቀቱ ተረስቷል። ዋርፋሪን፣ አስፒሪንና ለዓመታት የተጠጣ አረቄ አደጋውን ያብሱታል። በግራ በኩል የተጠራቀመ ደም የቀኙን እጅና እግር የሚያደክም ሲሆን፣ ንግግርንም ሊያውክ ይችላል። እርጅና በአንድ ሳምንት ውስጥ አንድ እግር ብቻ አያስጎትትም።

በዱላ ጆሮ ግንዱ አካባቢ የተመታ ወጣት ጉዳይ ግን ከዚህ ይለያል። እዚያ ያለው አጥንት ስስ ነው፤ ከሥሩ ያለው የደም ቅዳ ሥር ከተበጠሰ ደሙ በግፊት ይፈስሳል፤ ልጁ ተነሥቶ ሲያወራ ቆይቶ በሰዓታት ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል። ስለዚህ የሚያስመልሰው፣ ራስ ምታቱ የሚበረታበት ወይም የሚያንቀላፋ ከሆነ፣ ሰክሮ ነው ብሎ ማሳደር ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነው።

ደሙን የሚያሳየው ሲቲ ስካን ነው። ከቢቸና የሪፈር ወረቀት ይዞ ወደ ደብረ ማርቆስ መሄድ ይቻላል፤ ነገር ግን መሣሪያው እንደሚሠራና የነርቭ ቀዶ ሐኪም እንዳለ አስቀድሞ በስልክ ማረጋገጥ ይሻላል፤ ካልሆነ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ነው። ደሙ ብዙ ከሆነ ሐኪሙ የራስ ቅሉን በአንድ ወይም በሁለት ቦታ በስቶ፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚመስለውን ፈሳሽ ያወጣል፤ ለአንድ ሁለት ቀንም ማፍሰሻ ቱቦ ያስቀምጣል። ብዙ አረጋውያን በዚህ ይሻላቸዋል፤ ሆኖም ደሙ ተመልሶ ሊጠራቀም ስለሚችል ክትትሉ አይቋረጥም። ጥቂት ከሆነ ያለ ቀዶ ሕክምና መከታተል ይበቃል።

እናትዎን ስለ ጸበሉ አይከራከሯቸው፤ ጸበሉ ሐኪም ቤት ድረስ ሊመጣላቸው ይችላል፤ መቅደም ያለበት ግን ምርመራው ነው። ለራስ ምታቱ አስፒሪንም ሆነ አይቡፕሮፌን አይስጧቸው። ዋርፋሪኑን ለማቆምም ሆነ ለመቀጠል የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ኃይሉ በመድኃኒት መርከስ ስላለበት፣ የመድኃኒቱን ካርቶን ይዛችሁ ሂዱና የወደቁበትን ቀን በሪፈር ወረቀቱ ላይ አስጽፉ።