የልጅሽ ክርን፣ የልጄ ክርን እና የዳንኤል ሀድሰን ክርን

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አንብቤ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። «የ16 ዓመት ልጄ ቤዝቦል ላይ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ነው። የክርኑ ጅማት ተቀዷል፣ ቶሚ ጆን የሚባለው ኦፕራሲዮን ሳያስፈልገው አይቀርም አሉን። ተሠርቶ በእርግጥ ይመለሳል ወይስ ቤዝቦሉን ትቶ ትምህርቱ ላይ ይበርታ?» ነው ያልሽው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔም እዚሁ ቨርጂኒያ ይህንኑ ጥያቄ ይዤ ስንከራተት ነበር። ልጄ ያኔ 17 ዓመቱ ነው።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር። ልጄ «አባዬ፣ ክርኔን ያመኛል» ሲለኝ አይቡፕሮፌን ሰጠሁት። ማታ ማታ በቪክስ አሸሁለት። አማቴ ደግሞ «ወለም ብሎት ነው፣ እዚህ አገር ወጌሻ የሚባል የለም እንዴ?» ትላለች። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ሁለት ጨዋታ ወረወረ፣ በመሀል ካቸር (ከመቺው ጀርባ ሆኖ ኳሱን የሚይዝ) አደረጉት። እኔም አሰልጣኙን በልጄ ስለተማመነበት አመስግኜ ወደ ቤቴ። የወር ያህል ጊዜ እንዲህ አለፈ። አንድ ቀን ኳሷን ለቆ ክንዱን እንደያዘ ቀረ። ፊቱን ሳየው ገባኝ።

በኋላ ነው ፒች ስማርት የሚባል መመሪያ እንዳለ ያወቅሁት። ሜጀር ሊጉ (የአሜሪካ ትልቁ የቤዝቦል ሊግ) እና ዩኤስኤ ቤዝቦል ያወጡት ነው። የ15 እና የ16 ዓመት ልጅ በቀን ከ95 ኳስ በላይ አይወረውርም። 76 ከደረሰ አራት ቀን ያርፋል። በአንድ ጨዋታ ፒቸርም ካቸርም መሆን የለበትም። በዓመት ደግሞ አራት ወር ከፒቸርነት ያርፋል። ኢንተርኔት ላይ በነፃ የተቀመጠ ነገር ነው! ሌሎቻችሁም ልጅ ካላችሁ ዛሬውኑ ፈልጋችሁ አንብቡት።

አሁን ወደ ሀድሰን ልምጣ። ኦክቶበር 30 ቀን 2019 ማታ ዲሲ ውስጥ ኡበር እየነዳሁ ሬዲዮ ከፍቻለሁ። የዲሲው ቡድን ናሽናልስ ሂዩስተን ላይ የወርልድ ሲሪሱን (የሜጀር ሊጉን የዋንጫ ፍጻሜ) ሰባተኛ ጨዋታ እየተጫወቱ ነው። 6 ለ 2 እየመሩ መጨረሻ ላይ የገባው ፒቸር ዳንኤል ሀድሰን የሂዩስተኑን መቺ ማይክል ብራንትሊን አስቶ ጨዋታው አለቀ። ጓንቱን አሽቀንጥሮ ወረወረው። እኔም መኪናዋን ጥግ አስይዤ ክላክሱን ተጫንኩት። ተሳፋሪዬም አብሮኝ ይጮሃል። የፒቸሩን ስም ሰማሁ እንጂ ታሪኩን አላውቅም ነበር። ታሪኩን የነገረኝ ልጄ ነው፣ ክርኑ ተጠቅልሎ ሶፋ ላይ ተኝቶ።

ዳንኤል ሀድሰን የኛው የቨርጂኒያ ልጅ ነው፣ ቨርጂኒያ ቢች ያደገ። በ2011 ለአሪዞናው ቡድን 222 ኢኒንግ (አንድ ጨዋታ ዘጠኝ ኢኒንግ ነው) ወርውሮ 16 ጨዋታ አሸነፈ። ገና 24 ዓመቱ! ስታርተር ነበር፣ ማለትም ጨዋታውን ጀምሮ ረጅሙን ክፍል የሚወረውረው እሱ ነው። ጁን 2012 ላይ ክርኑ ተበጠሰ። ጁላይ ላይ ተሠራ። 11 ወር ሊሞላው ሲል ለልምምድ በታችኛው ሊግ ሁለት ኢኒንግ ወረወረ። ያው ጅማት እንደገና ተበጠሰ። ጁን 2013 ሁለተኛ ኦፕራሲዮን። ሁለተኛው ላይ የመመለስ ዕድል ከመጀመሪያው ያነሰ ነው፣ ሐኪሞቹ ራሳቸው አይደብቁትም። ሴፕቴምበር 2014 ሜዳ ሲገባ ከሁለት ዓመት ከሁለት ወር በላይ አልፎታል። ሲገባም ለአንድ ኢኒንግ ብቻ።

ከዚያ በኋላ ሪሊፍ ፒቸር ሆኖ ቀረ። ይሄ ማለት ቡልፔን (ተጠባባቂ ፒቸሮች የሚያሟሙቁበት ቦታ) ተቀምጦ ይጠብቃል፣ ሲጠሩት ጨዋታው መሀል ወይ መጨረሻ ላይ ገብቶ ጥቂት ኳስ ወርውሮ ይወጣል። 222 ኢኒንግ የለም። ግን አጭር ስለሚሠራ ኳሱ ከድሮው ይልቅ ፈጠነ። ከቡድን ቡድን ሲንከራተት ቆይቶ ጁላይ 31 ቀን 2019 ዲሲ መጣ። የዚያን ዓመት ማለቂያ ነግሬሻለሁ። በ2022 ደግሞ አትላንታ ላይ ኳስ ሊያነሳ ሲሮጥ የግራ ጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። እዚህ ላይ እኔ ብሆን ጫማዬን እሰቅል ነበር። በ2024 ከሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ጋር እንደገና ወርልድ ሲሪስ አሸነፈ። አራተኛው ጨዋታ ላይ ግራንድ ስላም (በአንድ ምት አራት ነጥብ) ተመቶበታል፣ ልጄ እስከ ዛሬ ይናደድበታል። በ37 ዓመቱ ዋንጫውን ይዞ በቃኝ አለ።

የልጄ ጥያቄ ግን ሌላ ነበር። «ስታርተር ሆኜ ባልመለስስ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ኦፕራሲዮኑ ራሱ ከምትፈሪው ይቀላል። ቶሚ ጆን ራሱ የዶጀርስ ፒቸር ነበር፣ በ1974 ዶክተር ፍራንክ ጆብ ከሌላ ቦታ ጅማት ወስደው ክርኑ ላይ ተከሉለት። ካሸነፋቸው 288 ጨዋታዎች 164ቱ ከዚያ በኋላ ናቸው። ብዙ ጊዜ ጅማቱ የሚወሰደው ከራሱ ክንድ ነው። አውራ ጣትና ትንሿን ጣት አገናኝተሽ አንጓሽን ወደ ውስጥ እጠፊው። መሀል ላይ ገመድ መስሎ የሚነሳው እሱ ነው። አንዳንድ ሰው ጭራሽ የለውም። እኛ ቤት እራት ላይ ሁላችንም እጃችንን ዘርግተን ፈተሽን፣ የአማቴ ተነሳ፣ የኔም የልጄም የለም። ለሱ ከጉልበቱ ጀርባ ወሰዱለት።

ከባዱ ከዚያ በኋላ ነው። ቀኝ እጁ በብረት መደገፊያ ታስሮ አፉ ጋ አይደርስም። በግራ እጁ እንጀራ ሊቆርስ ሲታገል አማቴ አላስችል አላት። ሦስት ሳምንት ሙሉ በጉርሻ አበላችው፣ ስድስት ጫማ ሊሞላ የቀረውን ጎረምሳ! ትንሿ ጣቱ ስትደነዝዝ ደግሞ ሁላችንም ደነገጥን። የነርቩ ነገር ነው ተባለ፣ ቀስ ብሎ ለቀቀው።

አምስተኛው ወር ላይ መወርወር ተፈቀደ። 45 ጫማ ርቀት፣ 25 ኳስ፣ ቀስ ብሎ። የትምህርት ቤቱ ፓርኪንግ አስፋልት ላይ በቴፕ ምልክት አድርገን እኔ በጓንት ልይዝለት ቆምኩ። ኳስ መያዝ አልችልም፣ ግማሹን መኪና ሥር ስፈልግ ነው የዋልኩት። ያን ቀን 25ኛዋን ወርውሮ «አንድ ልጨምር» አለ። እምቢ አልኩት። ተኮራርፈን ገባን። ለወራት ሥራችን ይሄ ነበር፣ አንድ ልጨምር፣ አይሆንም።

በ15ኛው ወር ጨዋታ ገባ። ስታርተርነቱ ግን ቀረ። አሁን ኮሌጅ ነው፣ መጨረሻ ላይ ገብቶ 15 ምናምን ኳስ ወርውሮ ይወጣል። መጀመሪያ አኩርፎ ነበር። አሁን ሲጠራ ከቡልፔን እየሮጠ ሲመጣ ነው ማየት።

ስለዚህ ለጥያቄሽ፣ እኔ ብሆን ልጁን ቤዝቦል ተው አልለውም። ግን ቢላው ስር ለመግባት አትቸኩሉ። ጅማቱ ሙሉ በሙሉ ነው የተበጠሰው ወይስ በከፊል? በከፊል ከሆነ በእረፍትና በፊዚዮቴራፒ የሚያገግም ልጅ አለ። ከአጥንቱ ላይ ብቻ ከተላቀቀ ደግሞ ኢንተርናል ብሬስ የሚሉት ጥገና አለ፣ ጊዜውም ያጥራል። የፒቸር ክርን ብዙ የሠራ ሁለተኛ ሐኪም ይየው። የአጥንቱ ማደጊያ ተዘግቶ እንደሆነም ጠይቂ። ኢንሹራንሳችሁ በዓመት ስንት ቀን ፊዚዮቴራፒ እንደሚሸፍን አሁኑኑ ደውለሽ እወቂ። እኛ ሳናውቅ ኖቬምበር ላይ አልቆብን ከኪሳችን ከፍለናል።

ልጅሽ ማውራት ከፈለገ ልጄ ይደውልለታል፣ ጠይቄው እሺ ብሏል። ልጄ ክንዱን ሲያጠነክር ይጎትታቸው የነበሩት የልምምድ ላስቲኮችም ጋራዥ ውስጥ በር ላይ ተሰቅለዋል። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ፣ መጥተሽ ውሰጂያቸው።