ከወለል ስር ማሞቂያ፦ ስለ አሮጌ ጣውላ፣ ስለ እርጥብ ስክሪድና ስለማትሞቅ አንዲት ክፍል

ከወለል ስር ስለሚዘረጋ ማሞቂያ ከደረሱን ጥያቄዎች አምስቱን በዚህ እትም መልሰናል። ስክሪድ የምንለው ከፓርኬ ወይም ከሴራሚክ በታች የሚፈሰውን የወለል ንጣፍ ነው።

ጥያቄ፦ ፍራንክፈርት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1910 አካባቢ በተሠራ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አፓርታማ ገዝተናል። ወለሉ በእንጨት ወራጅ ላይ የተመታ ጣውላ ነው። ሊሠራልን የመጣው ሰው «ቧንቧ ዘርግተን 6.5 ሴንቲ የሲሚንቶ ስክሪድ እናፈስበታለን» ይላል። ሳሎናችን 20 ካሬ ነው። እንስማማ?

መልስ፦ አትስማሙ። አንድ ሜትር ኩብ የሲሚንቶ ስክሪድ 2,000 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 6.5 ሴንቲ ሲፈስ በካሬ 130 ኪሎ፣ በሳሎናችሁ ላይ ደግሞ 2,600 ኪሎ ይሆናል። ይህ ሁሉ ሶፋና ቁም ሳጥን ሳይገባ፣ ሰው ሳይረግጠው ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየው ወራጅ ወዲያው ባይሰበር እንኳ ይጎብጣል፤ ሲጎብጥ ስክሪዱ ይሰነጠቃል፣ ከስር ያለው ጎረቤት ኮርኒስም ልስኑ ይረግፋል። በጀርመን ወራጆቹ የሕንፃው ባለቤቶች የጋራ ንብረት ናቸው። ስለዚህ ሸክም የሚጨምር ሥራ ከመጀመሩ በፊት የስትራክቸር መሐንዲስ ስሌትና የባለቤቶቹን ስምምነት በእጃችሁ ያዙ።

ለእናንተ ቤት የሚስማማው ምንም ነገር የማይፈስበት ደረቅ አሠራር ነው። 3 ሴንቲ ውፍረት ያለው፣ ቦይ የወጣለት ጠንካራ ፎም ይነጠፋል። ቦዩ ውስጥ ሙቀቱን የሚበትን ስስ የአሉሚኒየም ቆርቆሮ ይገባል፤ የ16 ሚሊ ቧንቧው እዚያው ላይ በእግር ተጭኖ ጠቅ ብሎ ይቀመጣል። ከዚያ ከ2 እስከ 2.5 ሴንቲ የሆነ የጂፕሰም ፋይበር ሰሌዳ ይለብሳል። ሁሉም ሲደመር ቁመቱ 5 ሴንቲ ተኩል ቢደርስ ነው፤ ክብደቱም በካሬ 30 ኪሎ አካባቢ ነው። በሮቹን ከስር መቁረጥ እንደሚያስፈልግ ከወዲሁ እወቁ።

ይህ አሠራር የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ከፎሙ በታች ባለው ነገር ነው። የሚንቋቋውን ጣውላ ሁሉ ከወራጁ ጋር በቡሎን እሰሩት። ከዚያ ባለ 2 ሜትር ቀጥ ያለ አሉሚኒየም ወለሉ ላይ አጋድማችሁ ከስሩ ብርሃን የሚያሳልፈውን ጎድጓዳ ፈልጉ። ጎድጓዳው በደረቅ ማስተካከያ ጠጠር ካልተሞላ ፎሙ ባዶ ላይ ይንሳፈፋል፤ ሰው በረገጠው ቁጥር ሰሌዳው ይወርዳል፣ ይነሳል፣ በመጨረሻም መገጣጠሚያው ይከፈታል። በግድግዳው ዙሪያ 1 ሴንቲ የሆነ ለስላሳ የጠርዝ ፎም መኖር አለበት።

ቧንቧው በ15 ሴንቲ ርቀት ሲዘረጋ በካሬ 6.7 ሜትር፣ ለ20 ካሬ 134 ሜትር ይፈጃል። የ16 ሚሊ ቧንቧ አንዱ ዙር ከ100 ሜትር ባያልፍ ይመረጣል፤ ሲረዝም ውሃውን ለመግፋት ፓምፑ ይቸገራል፣ መጨረሻውም ቀዝቃዛ ይሆናል። ስለዚህ ሁለት እኩል ዙር ይሁን፣ ከወለሉ ስርም አንድም መገጣጠሚያ አይኑር።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። ሰው በሚቀመጥበት ክፍል የወለሉ ገጽ ከ29 ዲግሪ እንዲያልፍ አይፈቀድም። ክፍሉ 20 ዲግሪ ከሆነ ልዩነቱ 9 ነው፤ ወለል ደግሞ ለእያንዳንዱ ዲግሪ በካሬ 11 ዋት ያህል ይሰጣል። ከፍተኛው እንግዲህ 100 ዋት ገደማ ነው፤ ላዩ እንጨት ከሆነ እስከ 27 ዲግሪ ብቻ ስለሚኬድ ወደ 77 ይወርዳል። አሮጌ መስኮትና ሙቀት መከላከያ ያልተደረገለት የውጭ ግድግዳ ያለው ክፍል ከዚህ በላይ ሊፈልግ ይችላል። የሙቀት ብክነቱን ሳያሰላ ዋጋ የሚነግራችሁን ሰው አትቅጠሩ። ስሌቱ ከዚህ ቁጥር ካለፈ መስኮቱን አስቀድሙ፣ ወይም ከራዲያተሮቹ አንዱን አታንሱ።

ጥያቄ፦ ሽቱትጋርት አጠገብ አዲስ ቤት እያሠራን ነው። የሲሚንቶ ስክሪዱ ከፈሰሰ 9 ቀኑ ነው። ኮንትራክተሩ «ማሞቂያውን ከፍ አድርገን ቶሎ እናድርቀውና ፓርኬው በሚቀጥለው ሳምንት ይግባ» አለን።

መልስ፦ ይህ ፓርኬውንም ስክሪዱንም የሚያበላሽ ችኮላ ነው። የሲሚንቶ ስክሪድ ማሞቅ የሚጀመረው ከ21 ቀን በኋላ ነው፤ በካልሲየም ሰልፌት የተሠራው ከ7 ቀን በኋላ። መጀመሪያ ወደ ወለሉ የሚገባው ውሃ 25 ዲግሪ ሆኖ ለ3 ቀን ይቆያል። ከዚያ እስከ ዲዛይኑ ከፍተኛ ሙቀት ይወጣና ለ4 ቀን ይያዛል። በየቀኑ የተነበበው ሙቀት በወረቀት ይመዝገብ፤ ስንጥቅ ከመጣ ማስረጃችሁ እሱ ነው። ቀድሞ ከሞቀ ላዩ ደርቆ ይኮማተራል፣ ታቹ ገና እርጥብ ነው፣ ጠርዞቹም ወደ ላይ ይታጠፋሉ።

ይህ ማሞቅ አልቆም ስክሪዱ ለፓርኬ ደርቋል ማለት አይደለም። ፓርኬ የሚያነጥፈው ሰው ከስክሪዱ ፈልፍሎ በካርባይድ የእርጥበት መለኪያ ይፈትሽ፤ እርጥበቱ ለሲሚንቶ 1.8 በመቶ ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት። ናሙናው የሚወሰደው ቧንቧ እንደሌለበት አስቀድሞ ምልክት ከተደረገበት ቦታ ነው። ምልክት ካልተደረገ ቧንቧው የሚበሳው ያን ቀን ነው። ለነገሩ ስክሪዱ ሲፈስ ቧንቧዎቹ በውሃ ተሞልተው ከ4 እስከ 6 ባር ግፊት ላይ እንደነበሩም ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ለንደን፣ አዲስ ቤት። ሦስቱ ክፍሎች ይሞቃሉ፣ 15 ካሬ የሆነው መኝታ ቤት ግን ቀዝቃዛ ነው።

መልስ፦ ወለሉን ማንም እንዳይነካው፤ ችግሩ በአብዛኛው ማኒፎልዱ ላይ፣ ማለትም ውሃውን ለየክፍሉ ቧንቧ የሚያከፋፍለው ዕቃ ላይ ነው። የመኝታ ቤቱን ቴርሞስታት ከፍ ያድርጉና ከ5 ደቂቃ በኋላ የትኛው ቫልቭ እንደተከፈተ ይዩ። የሌላ ክፍል ከተከፈተ ሽቦዎቹ ተለዋውጠዋል፤ አዲስ ቤት ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ምንም ካልተከፈተ ቫልቩ ላይ ያለውን የኤሌክትሪክ ቆብ ፈትተው ያንሱት። ውሃው ያን ጊዜ ከሄደ የተበላሸው ቆቡ ወይም ሽቦው ነው። ካልሄደ ከቆቡ ስር ያለችው ትንሽ ዘንግ ተጣብቃ ይሆናል፤ በጣት ወይም በእንጨት ቀስ ብለው ይጫኗት፣ በፒንሳ ግን አይጎትቷት።

ዘንጓ እየሠራች ውሃው የማይንቀሳቀስ ከሆነ አየር አለ። ሌሎቹን ዙሮች ዘግቶ በዚያኛው ብቻ ውሃ ማሳለፍ፣ መውጫው ላይ ያለውን ጎማ ባልዲ ውስጥ ነክሮ አረፋው እስኪያልቅ መጠበቅ ነው። ቀጥሎ ማመጣጠን ይመጣል። በካሬ 60 ዋት ከተፈለገ ለ15 ካሬ 900 ዋት ነው፤ ውሃው ሲገባና ሲመለስ የ7 ዲግሪ ልዩነት እንዲኖረው በደቂቃ 1.8 ሊትር ያህል ያስፈልጋል። ይህንን ማኒፎልዱ ላይ ባለው የመስታወት መለኪያ ያንብቡ። ሁሉም ዙር እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ከተተወ ውሃው አጭሩን መንገድ መርጦ ረጅሙን ዙር ይተወዋል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ጂ ፕላስ ዋን ቤት እየጨረስን ነው። ዘመድ ለመታጠቢያ ቤት 4 ካሬ የኤሌክትሪክ ማት (ማሞቂያ ኬብል የተያያዘበት መረብ) ከስዊድን አምጥቶልናል። ሴራሚክ ሠሪው ሠርቶት አያውቅም።

መልስ፦ ለአዲስ አበባ ብርድ መታጠቢያ ቤቱ ብቻ ይበቃል፤ ቤቱን ሙሉ በውሃ ቧንቧ ማሞቅ ወጪው አይመከርም። መጀመሪያ በማቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። በካሬ 150 ዋት፣ 230 ቮልት ካለ ጠቅላላው 600 ዋት ነው፣ በእኛ 220 ቮልት ትንሽ ቀንሶ ይሠራል። ከአሜሪካ የመጣ ባለ 120 ቮልት ቢሆን ግን በ220 ላይ ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ስቦ ይቃጠላል።

ኤሌክትሪሺያኑ በመልቲሜትር ይለካው፤ ባለ 600 ዋቱ 88 ኦም አካባቢ ማንበብ አለበት። ከካርቶኑ ሲወጣ፣ ሲነጠፍ፣ ሴራሚኩ ካለቀ በኋላም ይለካ። ቁጥሩ መሃል ላይ ከተለወጠ ሠራተኛው በማንኪያ ኬብሉን ነክቶታል፤ ያኔ ሴራሚክ ሳይደርቅ ማስተካከል ይቻላል። ማቱን ለማዞር መረቡ ይቆረጣል፣ ኬብሉ ፈጽሞ አይቆረጥም። ከቁም ሳጥንና ከገንዳ ስር አይነጠፍም። የሙቀት መለኪያዋ ሽቦ በቱቦ ውስጥ፣ በሁለት ኬብሎች መካከል ትግባ፤ ስትበላሽ ስቦ ለመቀየር ነው። የመሬት ሽቦና ባለ 30 ሚሊአምፒር የሊኬጅ ብሬከር (ኤሌክትሪክ ሲያፈስ የሚቆርጥ) የግድ ናቸው። ማጣበቂያው አምራቹ የጻፈውን ቀን ያህል ሳይደርቅ አያብሩት።

ጥያቄ፦ በሚሞቅ ወለል ላይ ወፍራም ምንጣፍና የእንግዳ ፍራሽ ማንጠፍ ይቻላል? የእንጀራ ሊጥስ ማስቀመጥ?

መልስ፦ በውሃ በሚሞቅ ወለል ላይ ፍራሽ ጉዳት አያደርስም፣ ሙቀቱን ያፍናል እንጂ። በኤሌክትሪኩ ላይ ግን የታፈነው ሙቀት ኬብሉንም ወለሉንም ይጎዳል፤ ፍራሹ እግር ባለው አልጋ ላይ ይሁን። ለሊጥ ግን 25 እና 26 ዲግሪ የሆነ ወለል በብርድ አገር የሚገኝ ጥሩ ቦታ ነው። ባልዲውን ከስሩ አየር በሚያሳልፍ ርብራብ ላይ ያስቀምጡት። ቶሎ ኩፍ ስለሚል ከግማሽ በላይ አይሙሉት፣ የለመዱትን ቀን ሳይጠብቁም ይቅመሱት።