ደመወዝና የክፍለ ጊዜ ብዛት ብቻ አይበቃሽም

እህቴ፣ የሁለት አገር የአንደኛ ደረጃ መምህራንን የሥራ ሕይወት ጥራት ለማወዳደር ደመወዝና የማስተማሪያ ሰዓት ይበቃኛል ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ማስተርሴን የሠራሁት በዚሁ ርዕስ ነው። አይበቃሽም።

1. ደመወዙን ወደ ዶላር መንዝረሽ አትተዪው። በመግዛት አቅም፣ ማለትም ገንዘቡ በዚያ አገር ምን ያህል እንደሚገዛ አይተሽ፣ አስተካክዪው። ከዚያ በዚያው አገር ተመሳሳይ ዲግሪ ያለው ሌላ ባለሙያ ስንት እንደሚያገኝ ጎን ለጎን አስቀምጪ። መምህር ራሱን የሚያወዳድረው አብሮት ከተመረቀ ጓደኛው ጋር ነው እንጂ ከባሕር ማዶ መምህር ጋር አይደለም።

2. ሰዓት ስትጠይቂ ሙሉውን ሳምንት ጠይቂ። እ.ኤ.አ. በ2018 በተካሄደው የኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) የመምህራን ጥናት፣ ታሊስ በሚባለው፣ የጃፓን የአንደኛ ደረጃ መምህራን በሳምንት 54.4 ሰዓት እንደሚሠሩ ተናግረዋል። ከዚህ ውስጥ ማስተማሩ 23 ሰዓት ብቻ ነው። የቀረው ዝግጅት፣ እርማት፣ ስብሰባና የወረቀት ሥራ ነው። ክፍለ ጊዜ ብቻ ብትቆጥሪ ከግማሽ በላዩ ሥራ ያመልጥሻል።

3. መጠይቁን ማን እንደሚሰበስብ ከአሁኑ ወስኚ። እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ፈቃድ ልጠይቅ የሄድኩበት የትምህርት ቢሮ ኃላፊ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። መጠይቁን ገለጥ ገለጥ አደረጉና «ርዕሰ መምህሩ ሐሳቤን ያዳምጣል» የሚለው ላይ እስክሪብቷቸውን አሳረፉ። «ይሄ ምን ያደርግልሃል? አውጣው። ወረቀቱንም ርዕሰ መምህራኑ ይሰብስቡልህ» አሉ።

አልተቀበልኩም። ከአለቃ ጋር ያለው ግንኙነት ከወጣ ምን ሊለካ ነው? ደግሞስ ለአለቃው በሚያስረክበው ወረቀት ላይ ስለ አለቃው እውነቱን የሚጽፍ የትኛው መምህር ነው? በሌላኛው አገር የሙከራ መጠይቅ ሳሰራጭ አንድ ርዕሰ መምህር ሰብስበው ሰጥተውኝ አይቼዋለሁ። ከላይ እስከ ታች «በጣም እስማማለሁ» ላይ ቀጥ ብሎ የተሞላ ነው። ጠቅላላው ወረቀት!

ደብዳቤዬ ጠረጴዛቸው ላይ ተኛ። ነገ ና፣ ከነገ ወዲያ ና። አንድ ሴሚስተር በላኝ፤ ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። የዩኒቨርሲቲው የጥናት ሥነ ምግባር ኮሚቴ በጽሑፍ ሲደግፈኝ ነው የፈረሙት። ጥያቄዋ ሳትነካ አለፈች። እያንዳንዱ መምህር መጠይቁን በፖስታ አሽጎ በእጄ ሰጠኝ። በመመረቂያ ጽሑፌ ግምገማ ላይ ፈታኞቹ አጥብቀው የጠየቁኝም ያደነቁልኝም ይህንኑ ነው።

4. ለመጠይቁ መነሻ አሜሪካዊው የሥራ አመራር ምሁር ሪቻርድ ዋልተን እ.ኤ.አ. በ1973 ለሥራ ሕይወት ጥራት ያወጣቸውን ስምንት መመዘኛዎች ተጠቀሚ። ደመወዝ ከስምንቱ አንዱ ብቻ ነው። ሁለት ቋንቋ ካለሽ አንዱ ይተርጉም፣ ሌላው ዋናውን ሳያይ ወደ መጀመሪያው ቋንቋ መልሶ ይተርጉመው፤ ከዚያ ከዋናው ጋር አስተያዪው።

ቢሮ ከመሄድሽ በፊት የኮሚቴውን ደብዳቤ ያዢ። ኮፒውን ስጪ፣ ኦሪጂናሉ ካንቺ እጅ አይውጣ። ኮፒውም ላይ «ደርሶናል» አስብለሽ ማኅተም አስመቺ።