የእርዳታውን ስንዴ ልዝራው?

ጥያቄ፦ ሰቆጣ አካባቢ የምኖር ገበሬ ነኝ፤ ይህን የምትጽፍልኝ ልጄ ናት። ከተፈናቀልንበት ስንመለስ ጎተራችን ባዶ ነበር። ዘር የለኝም። ከእርዳታው ስንዴ ሁለት ጆንያ አስቀምጫለሁ፤ ሰኔ ላይ በሁለት ጥማድ መሬቴ ልዝራው? ባለቤቴ «እንብላው» ትላለች።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ባለቤትዎ ልክ ናቸው። ይብሉት።

ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ አባቴ የእርዳታ ስንዴ ዘርቶ ነበር። እንደ ሣር ለመለመ፤ ጎረቤት ሁሉ ቀናበት። እስከ ጥቅምት ጠበቅን፣ አንድም ዛላ አልወጣም። በኋላ ግብርና ስማር ነው ምክንያቱን ያወቅኩት። ከውጭ ከሚመጣው ስንዴ ብዙው ሳምንታት የሚዘልቅ ብርድ ካልመታው አያፈራም። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጅቡቲ የደረሰችው መርከብ 23,000 ቶን የዩክሬን ስንዴ ጭና ነበር። የዚያ አገር ስንዴ አብዛኛው በረዶ ሥር የሚከርም ነው፤ የእኛ ደጋ ውርጭ አይበቃውም።

የእርዳታው እህል ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ቤተሰብዎ እሱን ሲበላ፣ የሚያገኙት ዘር ከድስት ይተርፋል። እርዳታ የምታስተባብሩም ስሙኝ፦ ዘር አድላችሁ ምግብ ካዘገያችሁ፣ የተራበ ልጅ ያላት እናት ዘሩን ትቆላዋለች። ማን ይፈርድባታል?

ዘሩን ከሩቅ አይፈልጉ። እንደ እርስዎ ቀበሌ ደጋ በሆነ ቦታ፣ ገብስ በጉድጓድ ቀብረው የሸሹ ሰዎች አይጠፉም። ሴቶቹን ይጠይቁ፤ የዘር ነገር እነሱ ዘንድ ነው። በመኸር ሊመልሱ በብድር ይያዙ። ለአንድ ጥማድ ከ30 እስከ 35 ኪሎ ይበቃል።

ጉድጓድ የከረመ ዘር ግን እርጥበት ሊያበላሸው ስለሚችል፣ ሳይፈትኑ እንዳይዘሩት። 100 ፍሬ ሳይመርጡ ይቁጠሩ፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ጥላ ውስጥ ያኑሩት፣ ጨርቁ እንዳይደርቅ። በሳምንቱ 85 እና ከዚያ በላይ ከበቀለ ያለ ሐሳብ ይዝሩት። 60 ከሆነ የዘሩን መጠን በግማሽ ያህል ይጨምሩ። ከዚያ ካነሰ ሌላ ይፈልጉ።

ሰኔና ሐምሌ ካመለጠዎትና መሬትዎ ጥቁር አፈር ከሆነ፣ መስከረም ላይ ሽምብራ ይዝሩ፤ በቀረው እርጥበት ይደርሳል። ጓያም ይደርስ ነበር፤ ነገር ግን በችግር ጊዜ እሱን ብቻ ለወራት መብላት እግር ያሽመደምዳል፣ ለልጆች አልመክርም።

ፍተሻውን አሁኑኑ ይጀምሩ። ስንት ፍሬ እንደበቀለ ልጅዎ ትጻፍልኝ።