ኬሞው አለርጂ ከሆነባቸው መተው ግድ ነው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እናቴ የኦቫሪ ካንሰር አለባት። ካርቦፕላቲን የሚባለውን ኬሞ ስድስት ዙር ወስዳ ደህና ሆና ነበር። ዘንድሮ ሲያገረሽባት ያንኑ ጀመረች። በሁለተኛው ዙር ፊቷ ቀላ፣ ትንፋሽ አጠራት፣ መድኃኒቱ ተቋረጠ። አሁን "ቀስ በቀስ እያለማመድን እንሰጣታለን" ይላሉ። ያንኑ መልሶ መስጠት አደጋ የለውም? (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ እህቴ፣ እናት ትንፋሽ ሲያጥራት ቆሞ ማየት ከባድ ነው። ፍርሃትዎ ይገባኛል። ግን የነገሯችሁ የታወቀ ሕክምና ነው።

"ስድስት ዙር ምንም ሳይላት አሁን ምን መጣ?" ብለው ሳያስቡ አልቀሩም። የካርቦፕላቲን ጠባይ እንዲህ ነው። ሰውነት ደጋግሞ ሲያገኘው እንደ ጠላት ይቆጥረዋል። አለርጂው በብዛት የሚመጣው ከስድስተኛው ዙር በኋላ ነው፤ ስምንተኛው ላይ መምጣቱ የተለመደ ነው። ፓክሊታክሰል የሚባለው ሌላ ኬሞ አለርጂ ግን በተቃራኒው በአንደኛው ወይም በሁለተኛው ዙር፣ ያውም በደቂቃዎች ውስጥ ይነሳል።

በሰውነታችን ማስት ሴል የሚባሉ ሕዋሳት አሉ። ሂስታሚንን የመሰሉ፣ አለርጂ የሚያስነሱ ኬሚካሎች ቋጥረው ይቀመጣሉ። መድኃኒቱ በአንዴ ሲገባ ያን ሁሉ ይለቁታል። ከኢምንት ተነስቶ እየጨመረ ሲገባ ግን ዝም ይላሉ።

ቦስተን በሚገኘው ብሪገም ኤንድ ዊመንስ ሆስፒታል እነ ዶክተር ማሪያና ካስቴልስ የሚሠሩበት ዘዴ 12 ደረጃ አለው። ሦስት ከረጢት ይዘጋጃል፤ አንደኛው 100 ጊዜ፣ ሁለተኛው 10 ጊዜ የቀጠነ፣ ሦስተኛው እንዳለ ነው። በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች የሚገባው ግማሽ ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ይህ ከሙሉው መጠን 50,000ኛው ነው! በየ15 ደቂቃው ፍጥነቱ ይጨምራል። የመጨረሻው ደረጃ ብቻውን ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ስድስት ሰዓት ሲሞላ ሙሉው መድኃኒት ገብቷል። በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት 98 ሕሙማን 413 ጊዜ ወስደውት፣ በ94 በመቶው ምንም ወይም ቀላል ምልክት ብቻ ታይቷል።

መልመዱ ግን አይዘልቅም። በቀጣዩ ዙር እንደገና ከአንድ ይጀመራል። ቆዳን የሚልጥ ከባድ አለርጂ ለነበረበት ሰው ደግሞ ይህ ሕክምና አይሰጥም።

እናትዎ የግፊት ወይም የልብ መድኃኒት ከወሰዱ አስቀድመው ይናገሩ። ከእነዚህ ውስጥ ቤታ ብሎከር የሚባሉት፣ ለከባድ አለርጂ የሚሰጠው አድሬናሊን በሚያስፈልግበት ሰዓት ኃይሉን ያዳክሙታል።

አንድ ነገር አደራ ልበልዎ። እናቶቻችን ሲስተሯን ላለማስቸገር "ምንም አልሆንኩ፣ ደህና ነኝ" ይላሉ። የካርቦፕላቲን አለርጂ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው መዳፍን በማሳከክ ነው። አጠገባቸው ይቀመጡ፣ እጃቸውን ይዩ። መዳፋቸውን ማከክ ከጀመሩ ያኔውኑ ሲስተሯን ይጥሩ። ፓምፑን ታቆማለች፣ መድኃኒት ትሰጣቸዋለች፣ ሲረጋጋ ካቆሙበት ይቀጥላሉ።